አሥር ፍሬ ለቡላ

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው የውሻዬን ከንፈር ገልጦ ድዱን ማየት ነው። ፊቴን ሳልታጠብ፣ ስልኬን ሳላነሳ። ድዱን በጣቴ ጫን አድርጌ እለቀዋለሁ። የነካሁት ቦታ ይነጣል። ከዚያ ደሙ ይመለስና ይቀላል። መቅላቱን አይቼ ነው ቡና የማፈላው።

ልማዱ የመጣው ቡላን በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ከያዘው ሕመም ነው። ስለሱ ልጽፍ አስቤ ብዙ ጊዜ ተውኩት። ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚንከራተትበት ጊዜ፣ ደሴ ተቀምጦ ስለ ውሻ መድኃኒት መጻፍ ከበደኝ። ግን ፋርማሲዬ ድረስ እየመጡ «የአንቺ ውሻ የዳነበትን ስጪን» የሚሉ ሰዎች በዙ። አንዷ ለድመቷ ልትሰጠው ነበር። ሰጥታት ቢሆን ድመቷን ልትገድላት ትችል ነበር። ስለዚህ ይኸው ተቀመጥኩ።

ቡላ የሀበሻ ውሻ ነው። ስሙ የመልኩ ነው። 25 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ጆሮው ከቡችላነቱ ጀምሮ የታጠፈ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ቀርቦ ከተማው ሲጨንቀው እኛም እንደ ሰዉ ሁሉ በሌሊት ወጣን። መኪናው ላይ ለሱ ቦታ አልተገኘም። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ የግቢው በር ተገንጥሎ ወድቋል። ቤቱ ተበርብሯል። ከፋርማሲው የቀረው ባዶ መደርደሪያ ብቻ ነው። ቡላ በሩ በነበረበት ቦታ ላይ ተኝቶ ነበር። ከስቷል፤ ግን በሕይወት አለ። ሲያየን አልጮኸም። ቀስ ብሎ መጣና ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አስደገፈ።

«ለውሻ ይህን ሁሉ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አንድ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ቡላ አልተነሳም። ጠራሁት። ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ መታ አደረገና ተወው። ከንፈሩን ስገልጠው ድዱ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ሆኗል። ቀትር ላይ ተነስቶ ሲሸና ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሯል። የሰፈሩ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» አለ። ሥር የሚቀምም ሰው እንዳለም ነገሩኝ። የሁለቱ ሕመሞች መልክ ይመሳሰላል፤ በሰዎቹ አልፈርድም።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው። ሥራው ባመዛኙ በግ፣ ፍየል፣ በሬና በቅሎ ነው። ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ለእብድ ውሻ ክትባት ነው። ግን እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከቡላ እግር ደም ቀዳና አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጎ ጨዋማ ውሃ ቀላቀለበት። «ነይ እይ» አለኝ። ደሙ በእኩል አልተበረዘም። በደንብ ያልተበጠበጠ ሽሮ እንደሚቋጥረው፣ ቀይ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኖ ቀረ። የቀረውን ደም በቀጭን ቱቦ አሽከርክሮ ለካው። 14 ከመቶ። የጤነኛ ውሻ ደም ውስጥ ቀይ ሴሉ ከ37 እስከ 55 ከመቶ ይደርሳል። ቡላ በሲሶው ነበር የሚተነፍሰው።

«ያመመው የገዛ ሰውነቱ በሽታ መከላከያ ነው» አለኝ። «ቤት ጠባቂ ውሻ የቤቱን ልጅ ሲነክስ በይው።»

አብራራልኝ። ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክቱን ያየ ሴል ይበላዋል። በቡላ ላይ ምልክቱ የተለጠፈው በገዛ ቀይ የደም ሴሎቹ ላይ ነው። ጣፊያውና ጉበቱ ምልክቱን እያዩ የራሱን ደም ይበላሉ። ዓይኑን ቢጫ ያደረገውም ሽንቱን ያጠቆረውም ከተሰባበረው ሴል የወጣው ቀለም ነው።

ለምን ጀመረው? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይገኝም። አንዳንዴ መዥገር ካመጣው ተሐዋሲ በኋላ ይነሳል። እኛ ደግሞ ለገና ሐይቅ ከተማ ዘመድ ጋር ይዘነው ሄደን ነበር፤ ስንመለስ ከጆሮው ሥር ብዙ መዥገር ለቅሜለታለሁ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክም ጨመረበት። ትክክል ነበር። ከኋላ ሌላ በሽታ ካለ፣ መከላከያውን ብቻ ዝቅ ማድረግ ለዚያ በሽታ በር መክፈት ነው።

ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኝ። ፕሬድኒሶሎን፣ መከላከያን የሚያወርድ መድኃኒት፤ በቀን በኪሎ 2 ሚሊግራም።

እኔ ጋ ያለው ባለ 5 ሚሊግራሙ ነው። 25 ኪሎ በ2 ሲባዛ 50። አሥር ፍሬ በቀን። ፕሬድኒሶሎን ለዓመታት የቆጠርኩት መድኃኒት ነው። ለአስም፣ ለአለርጂ፣ ለመገጣጠሚያ። «ትንሽ ሞላ ልበል» ብለው ያለ ሐኪም ወረቀት የሚጠይቁኝ ሰዎችም አሉ። አልሸጥላቸውም፤ አንዳንዶቹ ተቀይመውኝ ይሄዳሉ። ፊት ሲያብጥ ጤና ይመስላቸዋል። ያን ቀን አሥር ፍሬ ለውሻዬ ስቆጥር ግን መድኃኒቱን ገና ያን ጊዜ እንዳወቅሁት ተሰማኝ። መደርደሪያ ላይ ማወቅና በገዛ ቤት ማወቅ ይለያያል።

ፕሬድኒሶሎን ፈጣን ነው። በቀናት ውስጥ የሚበሉትን ሴሎች ያረጋጋል። ግን ዋጋው ከባድ ስለሆነ በዚህ መጠን ብዙ ወር አይቆዩበትም። ስለዚህ ሐኪሙ ከጎኑ ዘገምተኛ ጓደኛ አቆመለት፤ አዛቲዮፕሪን። ይሄኛው ሥራው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። የሚከለክለው መከላከያ ሴሎቹ እንዳይባዙ ነው። መጠኑም በኪሎ 2 ሚሊግራም ሆነ። ፍሬው ባለ 50 ስለሆነ ለቡላ ልክ አንድ ፍሬ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አዛቲዮፕሪን በባዶ እጅ የሚሰበር መድኃኒት አይደለም። እኔ በጓንት ነው የምሰጠው። ያን ጊዜ እርጉዝ የነበረችው እህቴ ማሸጊያውንም እንዳትነካ ነግሬያት ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አዛቲዮፕሪን በሽታ መከላከያቸው በራሳቸው ላይ የተነሳባቸው ሰዎች መድኃኒት ነው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎችም ይወስዱታል። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መድኃኒቱ ሲጠፋ ያን መንገድ የሚሄዱ ደንበኞች አሉኝ። መደርደሪያዬ ላይ የነበረው የእነሱ ነው። ለቡላ ከዚያ አላነሳሁም። በጓደኛ በኩል ከአዲስ አበባ ለብቻው አስመጣሁ። አምስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ አምስት ቀናት በቀን አራት አምስት ጊዜ ድዱን አይ ነበር። ቡላ እየደከመ መድኃኒቱ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዛሬም ያደረግሁት ልክ ይመስለኛል፤ ግን ቀላል አልነበረም።

ያን ሰሞን ስለ መድኃኒቱ የማገኘውን ሁሉ አነብ ነበር። አዛቲዮፕሪንን የሠሩት ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን የተተከለ ኩላሊትን ሰውነት አልቀበልም እያለ ሐኪሞችን አስቸግሮ ነበር። ሮይ ካልን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ቀዶ ሐኪም የዚህን መድኃኒት ዘመድ፣ ቀጥሎም አዛቲዮፕሪንን ራሱን ሞከረ። የሞከረው በውሾች ላይ ነው። ሎሊፖፕ የምትባል ውሻ ኩላሊት ተተክሎላት፣ አዛቲዮፕሪን እየወሰደች ለወራት ኖረች። ከዚያ ነው ለሰው የተሰጠው።

ይህን ያነበብኩት ሌሊት ነው። ቡላ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ እያለከለከ ተኝቷል። «የሰውን መድኃኒት ለውሻ» ብለው ያሙኛል ብዬ ስሸማቀቅ ነው የከረምኩት። ለካ ቀድሞ የቀመሰው ውሻ ነው። ተነስቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ስለ ማለክለኩ ልንገራችሁ። የፕሬድኒሶሎንን ቤት ያልኖረበት ሰው አያውቀውም። ውሃ ይጠጣል፤ ጎድጓዳ ሳህኑ ሲያልቅ ባልዲው ጋ ይሄዳል። የጠጣውን ሌሊት ሦስት ጊዜ እየቀሰቀሰኝ ይሸናል። ያላመለጠው ቀን የለም ማለት ይቻላል። በልጅነቱ እንኳ ቤት ውስጥ ሸንቶ የማያውቅ ውሻ ነው። ሲያመልጠው አንገቱን ደፍቶ ጥግ ይቆማል። ይርበዋል። የማገዶውን ልጥ ሳይቀር ያኝካል። ሆዱ ተነፋ፤ የጭኑ ሥጋ ሟሸሸ፤ የጀርባው ጠጉር ሳሳ። ደሙ እየተሻለው መልኩ እየከፋ ሄደ። መጋቢት ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያዘው። ዘበኛው ሲታሰር ሌባ ይገባል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሲያነክስ ያየው ወንድሜ አንድ ማታ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሊሰጠው ነበር። ደርሼ ከእጁ ቀማሁት። ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ያቆስላል፤ ያደማል። ደም ለመተካት በምንታገልለት ውሻ ሆድ ውስጥ መድማት ማለት ነው።

ደግሞ የደም መርጋት አለ። ይህ በሽታ ያለባቸው ውሾች ብዙዎቹ የሚሞቱት ደም ስላነሳቸው ብቻ ሳይሆን የረጋ ደም ሳንባቸውን ስለሚዘጋው ነው። አብዛኛውም ሞት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ለልብ ሕሙማን የምሸጠውን ክሎፒዶግሬል የጨመረው ለዚህ ነው። እነዚያን ሁለት ሳምንታት በደንብ አላስታውሳቸውም። የማስታውሰው ድድ ብቻ ነው።

አሥር ፍሬ መድኃኒት እንዴት ይዋጣል? መጀመሪያ በእንጀራ ጠቅልዬ ሰጠሁት። እንጀራውን በልቶ ፍሬውን ተፋው። በዳቦም ሞከርኩ። በመጨረሻ ጉበት ሆነ፤ ትንሽ ቁራጭ ተጠብሳ፣ ሆዷ ተሰንጥቆ፣ ፍሬው ገብቶባት። ጠዋት አምስት፣ ማታ አምስት። የካቲት ውስጥ ግን ሁዳዴ ገባ። በእኛ ቤት ሥጋ የለም፤ ሉካንዳውም ተዘጋ። ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ተከተለ።

ከአጥራችን ማዶ ያሉት እማማ እስላም ናቸው፤ ቡላን በሩቁ ነው የሚያውቁት። ልብሳቸውን እንዳይነካቸው ይጠነቀቃሉ። ወሎ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል፤ ማንም በማንም አይቀየምም። ጉበት እንዳጣሁ ሰሙ። በማግስቱ ልጃቸውን በፌስታል ጉበት አስይዘው ላኩት። ከዚያ በኋላ ረመዳኑ እስኪወጣ በሦስት በአራት ቀኑ ይልኩልኝ ነበር። አንድ ቀን ከፋርማሲ አምሽቼ ስመጣ ራሳቸው ጠብሰው፣ አቀዝቅዘው፣ ሳህኑን በአጥሩ ቀዳዳ በእንጨት ገፍተውልኛል። እሳቸው ጾመኛ፣ እኔ ጾመኛ። ጨው ይኑረው አይኑረው አንዳችንም ሳንቀምስ ቡላ በላ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ የማታውን አምስት ፍሬ እሰጠዋለሁ። እሳቸው በዚያው ሰዓት በቴምር ያፈጥራሉ። ሰዓቱን እንዳልስት የረዳኝ አዛኑ ነው።

ዒድ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ስኒውን ጀባ ካሉኝ በኋላ ነው የነገሩኝ። በ2014 እኛ ስንወጣ እሳቸው አልወጡም። እግራቸው አይሄድም ነበር። ቡላን ያቆዩት እሳቸው ናቸው። ካላቸው ላይ፣ ሌላ ሲጠፋ የቆሎ ፍርፋሪ ሳይቀር፣ ማታ ማታ በአጥሩ ይወረውሩለት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አልነገሩኝም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምኑን ልንገርሽ፣ ልጄ» አሉ። «ነቢዩ የነገሩትን ሰምተሽ የለ? ሰውዬው ጉድጓድ ወርዶ፣ በጫማው ውሃ ቀድቶ የጠማውን ውሻ አጠጣ። አላህ በዚያ ማረው። እኔም ምህረት እፈልጋለሁ።» ከዚያ ሦስተኛውን ቀዱልኝ። «አብሽሪ፣ ይድናል።»

ያን ቀን ቡላ በደንብ ተሽሎት ነበር። ከዚያ በፊት ግን በራሴ እጅ ልገድለው ደርሼ ነበር። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ደሙ 32 ደርሷል። ድዱ ቀልቷል። ሐኪሙ አሥሩን ፍሬ ወደ ሰባት ተኩል አውርዶ፣ «በየሦስት ሳምንቱ ሩብ ሩቡን እንቀንሳለን፣ ደሙን እያየን» አለኝ። ቆጠርኩት፤ ከግማሽ ዓመት በላይ ነው። እኔ ደግሞ እንቅልፍ ካጣሁ ወር አልፎኛል። ጭኑ ሟሽሿል። ሌሊት ሲያመልጠው አንገቱን ሲደፋ ማየት ከበደኝ። ራሴን «ባለሙያ ነኝ» አልኩት። ሐኪሙን ሳልጠይቅ ሰባት ተኩሉን ወደ አራት አወረድኩት። ሰው ቢያደርገው የምቆጣበትን ነገር ነው ያደረግሁት።

በአሥረኛው ቀን ድዱ ገረጣ። ደሙ 22 ወረደ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንደገና አሥር ፍሬ። እንደገና ከመጀመሪያው። ያ ሁሉ የሟሸሸ ሥጋ፣ ያ ሁሉ ሌሊት ሁለተኛ ተከፈለ። የከፈለው ደግሞ ቡላ ነው።

ስለዚህ መድኃኒት ከሁሉ በላይ ልናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው። መጀመሩ አይደለም ከባዱ። ሲጀመር ውሻው እየሞተ ነው፤ የሚያመነታ የለም። ከባዱ መውረዱ ነው። የዳነ መስሎ እየታየ፣ መድኃኒቱ መልኩን እያበላሸው፣ ወር በወር ላይ እየተደመረ በትዕግሥት ደረጃ በደረጃ መውረድ። ቶሎ ከወረዱ በሽታው ይመለሳል። ጭራሽ በአንድ ቀን ካቆሙት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች ከዚህ መድኃኒት ጋር የሚመሳሰል ነገር በተፈጥሮ ያመርታሉ። መድኃኒቱ ከውጭ ሲመጣላቸው ሥራ ያቆማሉ። ድንገት ሲቀርባቸው ወዲያው አይነሱም። ውሻው ያን ጊዜ ሊወድቅና ሊሞት ይችላል። ሰውም እንዲሁ ነው። ፕሬድኒሶሎኑ አልቆበት ለሁለት ቀን ዝም ያለ ደንበኛ ሲመጣ ከዚያ ወዲህ አስቀምጬ አናግረዋለሁ።

ወደ ድመቷ ልምጣ። ሴትዮዋ የመጣችው ከሰኞ ገበያ በኩል ነው። የድመቷ አፍንጫና ጆሮ ዙሪያ ቆስሎ፣ የጥፍሯ ሥር አብጦ፣ ቅባት ሁሉ ሞክራለች። «የውሻሽን ያቺን ባለ 50ዋን ስጪኝ፤ ሩቧን እሰጣታለሁ» አለችኝ። እሷም ድመቷን ትወዳለች። ዓይኗ ያስታውቃል።

አዛቲዮፕሪን ለድመት አይሰጥም። ሰውም ውሻም ይህን መድኃኒት የሚያከሽፍ ኢንዛይም በጉበቱና በደሙ ውስጥ አለው። ድመት ግን ያላት በጣም ትንሽ ነው። መድኃኒቱ ይጠራቀምባታል። መቅኔዋ ደም መሥራት ያቆማል። ሩብ ፍሬም ለድመት ብዙ ነው። ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም፤ ሌላ ፍጥረት ናት። ፕሬድኒሶሎን ትችላለች፤ እንዲያውም ከውሻ በተሻለ። ስሙ የሚመሳሰለው ፕሬድኒሶን ግን አይሠራላትም ማለት ይቻላል፤ ጉበቷ ወደ ፕሬድኒሶሎን በደንብ አይለውጠውም። በስም አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ። ፕሬድኒሶሎንም ቢሆን ሲቆይባት ስኳር ሊያመጣባት ይችላል። ተጨማሪ ካስፈለጋት ሐኪሞች የሚያዙላት ሳይክሎስፖሪን ወይም ክሎራምቡሲል ነው።

ሳይክሎስፖሪን ከአፈር የወጣ መድኃኒት ነው። ከኖርዌይ ብርዳም ደጋ ከተወሰደ አፈር ውስጥ በተገኘ ሻጋታ ነው የተሠራው። ያን ደጋ በዓይነ ሕሊናዬ ሳየው የወሎውን ደላንታ ይመስለኛል። ግን የእኛ ቤት ድመት እንደ ፈረንጅ ድመት ሶፋ ላይ አትውልም። አይጥ ታድናለች። ሥጋ ሲከተፍ ጥሬውን ይወረወርላታል። ጥሬ ሥጋና አይጥ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋሲ ሊኖር ይችላል። ጤነኛ ድመት ብዙ ጊዜ ሳትታመም ታሸንፈዋለች። ሳይክሎስፖሪን የምትወስድ ድመት ግን ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን የጀመረች ድመት ከአደን ትታገዳለች፤ ሥጋዋም ተቀቅሎ ይሰጣታል። ለሴትዮዋ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ወደ ሐኪሙ ላክኋት። እሱ መጀመሪያ የድመቷን ቁስል ምንነት አየላት። ከቅርፊቱ ፈንገስ አገኘ። በፈንገስ መድኃኒት ዳነች። መከላከያዋን የሚያወርድ ነገር ጀምራ ቢሆን ፈንገሱ መላ ሰውነቷን ሊወርሰው ይችል ነበር።

ሚያዝያ ላይ የቡላ የእብድ ውሻ ክትባት ጊዜው ደረሰ። እዚህ ላይ እኔና ሐኪሙ ብዙ ተነጋገርን። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ወሬ ብቻ አይደለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰው የሚድንበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው የሚያመጣውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ክትባቱ የሞተ ቫይረስ ስለሆነ በሽታውን አይሰጠውም። ችግሩ መከላከያው ተኝቶ ሳለ ክትባቱ በደንብ ላይዝ መቻሉ ነው። ደግሞም ያን መከላከያ በዚያ ሰዓት መቀስቀስ ያስፈራል። መጠኑ እስኪወርድ እንጠብቅ ተባባልን። እስከዚያ ቡላ ከግቢ አልወጣም። የሰፈር ውሾች በበሩ ሲያልፉ እሱ በስንጥቁ አፍንጫውን አውጥቶ ያሸታል። ሐምሌ ላይ ሁለት ፍሬ ሲደርስ ተከተበ። ለሳምንት ያህል ድዱን በቀን ሦስት ጊዜ አየሁ። ምንም አልሆነም።

ለመድኃኒቱና ለደም ምርመራው የወጣው ገንዘብ ከአንድ ሙክት በላይ ነው፤ ከሁለትም ሳይበልጥ አይቀርም። ሁሉም ሰው ይህን ማድረግ አለበት አልልም። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ይህን በሽታ ያለበት ውሻ ይዞ ቢመጣ ሐኪሙ እንዳይሰቃይ አድርጎ ቢያሳርፈው እኔ አልፈርድበትም። የጀመረ ሰው ግን ምን እንደጀመረ ይወቅ። መጠኑን ከእኔ ጽሑፍ አይቅዳ፤ የቡላ መጠን የቡላ ነው። ደም የሚለካ ሐኪም ሳይኖር አይጀምር። አዛቲዮፕሪን ነጭ የደም ሴልንና ጉበትን ስለሚነካ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ ነበር። በአፍ ሰጥቶ ብቻ የሚተው መድኃኒት አይምሰላችሁ።

አሥር። ሰባት ተኩል። አምስት ተኩል። አራት። ሦስት። ሁለት። አንድ ተኩል። አንድ። በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ጽፌ፣ አንዱን ደረጃ ስንጨርስ እሰርዘው ነበር። በ2018 ጥቅምት ላይ ግማሿም ተሰረዘች። ደሙ 44። የጀርባው ጠጉር መጀመሪያ እንደ ቡችላ ለስላሳ ሆኖ በቀለ፤ አሁን ወደ ጥንቱ እየተመለሰ ነው። አዛቲዮፕሪኑ አንድ ቀን እየዘለለ ቀጥሏል። እሱም ቀስ ብሎ ይወርዳል። አልቸኩልም።

ዛሬ ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ቡላ ከበሩ ሥር ተነስቶ፣ ሳልጠራው መጥቶ አፉን ወደ እጄ አቀረበ። ለምዶታል። ከንፈሩን ገለጥኩ፣ ጫን አደረግሁ፣ ለቀቅሁ። እማማ ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጡ ነው።

«እንዴት አደረ?» አሉኝ።

«ቀልቷል፣ እማማ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉና ወደ ልብሳቸው ተመለሱ።